ጋሪ ላይ የተጫነው ሳተላይት

በሕይወቴ ብዙ ነገር በጋሪ ጭኛለሁ። ሽንኩርት ጭኛለሁ፣ ከጀልዴሳ የመጣ ፍየል ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ። ሳተላይትም ጭኛለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ስናገር የዛሬ ልጆች ዞር ብለው ይጠቃቀሳሉ፤ ሽማግሌው ጃጀ ማለታቸው ነው። አልጃጀሁም። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ የነበረና ዓይኑ የሚያይ ሰው ሁሉ አይቶታል። ያልሳቀም የለም፤ አንዳንዱ እዚያው ሳቀ፣ አንዳንዱ ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለ ሳተላይት የማውቀውም ቀበሌያችን ያስተማረኝን ብቻ ነው። ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ያርመኝ፤ አልቀየምም።

በዚያ ጊዜ በየእሑዱ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበን እንማር ነበር። የቀረ ሰው ስኳር ሲታደል ስሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁላችንም ዕውቀት ወዳድ ነበርን። አስተማሪያችን አንድ ወጣት ካድሬ ነው። ወዳጅ አገር ሄዶ ጥቂት ወራት ተምሮ ሲመለስ ወፍራም ካፖርት ይዞ መጣ። በእኛ አገር ሙቀት ካፖርት መልበስ አይሆንለት፣ ቤት ትቶት መምጣትም አይሆንለት፤ በክንዱ አንጠልጥሎት ያስተምራል። እንዳያቆሽሸው በጥንቃቄ ይዞ ሲጽፍ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፉ አይነበብም ነበር። ለእኛ ግድ አልነበረንም፤ አብዛኞቻችን ቢያምርም አናነበውም።

አንድ እሑድ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በርሜል ሳለና ግራና ቀኙ ሁለት ክንፍ ቀጠለበት። ሳተላይት ነው አለን። ክንፎቹ የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ወደ ላይ ሲተኮስ ታጥፈው ይሄዳሉ፣ ቦታው ሲደርስ ይዘረጋሉ። ከተዘረጉ ሳተላይቱ ይኖራል፣ ይናገራል። ካልተዘረጉ ስንቁ ያልቅና ድምፁ ይጠፋል፤ ሬሳ ሆኖ ይዞራል። ይህን ሲነግረን አዳራሹ ውስጥ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ በበሩ በሚገባው ብርሃን ነበር የምንማረው።

ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲሸከም ያረጀ አንድ ሰው እጁን አወጣና፣ የክንፉን አቧራ ማን ይወለውለዋል ብሎ ጠየቀ። ካድሬው እዚያ አቧራ የለም አለው። አዳራሹ አጉረመረመ። ሳተላይት አለ ሲባል ያመነው ሕዝብ አቧራ የሌለበት አገር አለ ሲባል አላመነም። ሌላ ሰው ደግሞ፣ እንደው ለመሆኑ አይበላሽም ወይ አለ። ካድሬው ካፖርቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረና፣ በሶሻሊዝም የተሠራ ሳተላይት ብልሽት የሚባል ነገር አያውቀውም አለ። አጨበጨብን።

ከሁላችንም በላይ ያጨበጨበው ሊቀመንበራችን ነበር። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት መጋላ ሰፈር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጎበዝ ነበር፤ እጁ ለስላሳ፣ ወሬው ጣፋጭ። ምላጩን ትቶ ማኅተም ሲይዝ ነው እጁ የከበደው። በየዓመቱ ለአብዮት በዓል ቀበሌዎች በሰልፉ ላይ የሚያሳዩት ነገር ሠርተው ይወዳደራሉ። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ቀበሌ ከእንጨት ትራክተር ሠርቶ ባንዲራ ተሸልሞ ነበርና ሊቀመንበራችን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። እነሱ መሬት ላይ ቀርተዋል፣ እኛ ሰማይ እንወጣለን አለ። ሳተላይት እንዲሠራ ተወሰነ። በማን? በእህቴ ባል።

የእህቴ ባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። ሶማሊኛ ተናጋሪ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ኩሩ። ባልዲ፣ ኩራዝ፣ የከሰል ምድጃ ይሠራል። እኔን በቋንቋው ሴዲ ይለኛል፤ የሚስቴ ወንድም ማለት ነው። ያን ዓመት ግን ሥራ አልነበረውም፤ ሱቁ ታሽጎ ነበር። በባቡር ከጅቡቲ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ አንድ ጥቅል ቆርቆሮ ተገኘበትና አብዮት ጠባቂዎች መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ ማኅተም መቱ፣ ሄዱ። በድሬዳዋ ኮንትሮባንድ ያልነካው ቤት ቢፈለግ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ቢገኙ ነው፤ ግን ተያዘ፣ ተያዘ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የምታኖረው እህቴ ሆነች፤ በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች። እሱ ጧት ይነሳል፣ ይለብሳል፣ የታሸገው ሱቁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይመለሳል። አንድ ቀን እህቴ ጋሪዬን አስቁማ፣ ሰውዬው እያነሰብኝ ነው አለችኝ። ከመጀመሪያውም ትልቅ አልነበረም ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም።

ሊቀመንበሩ አስጠራውና በእኔ ፊት እንዲህ አለው፦

«ጓድ፣ ክንፉ በክብር እንግዶቹ ፊት ከተዘረጋ ሱቅህ ይከፈታል። ካልተዘረጋ ግን...»

አልጨረሰውም። በዚያ ዘመን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ መተው ራሱን የቻለ ሥልጣን ነበር።

እንግዲህ ሥራው ሊጀመር ነው፤ መዶሻውና መቀሱ ያሉት ግን በታሸገው ሱቅ ውስጥ ነው። ስብሰባ ተደረገ። አብዮት ጠባቂ መጥቶ ማኅተሙን ቀደደ፣ የእህቴ ባል በመሣሪያ ታጅቦ ገብቶ መዶሻና መቀስ ይዞ ወጣ፣ በሩ እንደገና ታሸገ። ጥቂት ቆይቶ ምስማር መርሳቱ ታወቀ፤ እንደገና ስብሰባ። ለክንፉ ቆርቆሮ ሲፈለግ ደግሞ በከተማው ውስጥ ያለው ደህና ቆርቆሮ ያ የተወረሰው ጥቅል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኮንትሮባንድ የነበረው በአንድ ፊርማ አብዮታዊ ቆርቆሮ ሆነና ለራሱ ለኮንትሮባንዲስቱ ተሰጠው። እሱም ዳሰስ አድርጎ፣ ደህና ነሽ ወይ አላት፣ እንደጠፋች ፍየል።

ሳተላይቱ የናፍጣ በርሜል ነው። ግራና ቀኙ ሁለት ክንፍ በበር ማጠፊያ ተያይዟል። ክንፎቹ የፀሐይ ሰሌዳ እንዲመስሉ ሰማያዊ ተቀብተው በነጭ መስመር ተከፋፍለዋል። በርሜሉ ውስጥ ሰው ይቀመጣል፤ ገመድ ሲስብ ክንፎቹ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ውስጡ የሚገባው ማን ይሁን ሲባል፣ በአካሉም በጉዳዩም የሚበቃው ራሱ የእህቴ ባል ነበር። ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ወንዙ ደረቅ ስለነበር፣ ጋሪዬ ላይ ጭነን ሞከርነው። ጓ ብሎ ተዘረጋ። ግመል ሲነዱ የነበሩ ሰዎች ቆመው አዩ፣ ግመሎቹም አዩ። እህቴ እልል አለች። ሊቀመንበሩ በርሜሉን እንደ ደንበኛ ራስ ደባበሰው። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ተሰማኝ። ክንፍ ሲዘረጋ ደስ ይላል፣ የቆርቆሮም ቢሆን።

አሁን ስለ ቀለም መናገር አለብኝ። በዓል ሲደርስ በዚያ ዘመን ያለው ደንብ አንድ ነው፤ የቆመ ነገር ሁሉ ይቀባል። የመንገድ ዳር ድንጋይ ይቀባል፣ የዛፍ ግንድ ይቀባል፣ የተሰበረ አጥር ሳይጠገን ይቀባል። እንግዳ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ ካልተራመድክ አንተም ትቀባለህ እንባባል ነበር። ታዲያ በበዓሉ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሳተላይቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫ። ቀዩ የታል አለ። ካድሬው የፀሐይ ሰሌዳ ቀይ አይደለም ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሊቀመንበሩ ግን፣ ቀይ ያልነካው ነገር በዚህ በዓል አይወጣም ብሎ ጨረሰ። አንድ ጣሳ ቀይ የዘይት ቀለም መጣ። የክንፉ ጠርዝ ተቀባ፣ ማጠፊያው ተቀባ፣ የማጠፊያው ምስማር ተቀባ፣ የጋሪዬ ጎማ ተቀባ፣ የፈረሴ ሰኮና ሳይቀር ተቀባ። ፈረሴ አንዴ ሰኮናውን አንዴ እኔን ያያል።

ያ ቀለም በድሬዳዋ ፀሐይ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አላሰብነውም። ቀጥቃጩ ራሱ ብሩሽ ይዞ ማጠፊያውን ሲያጠጣ ነበር። ዘይት አይደል እንዴ፣ ያለሰልሰዋል አለኝ። እኔም ማሻአላህ አልኩት።

አደባባይ ደረስን። የእህቴ ባል በርሜሉ ውስጥ ገባ፣ ክዳኑ ከላይ ተገጠመ። ተራችን እስኪደርስ ንግግር ነበር። ከዚያ ሌላ ንግግር ነበር። ስለ ነፃነት ተነገረ፣ ስለ ምርት ተነገረ፣ ስለ ጠላቶቻችን በስፋት ተነገረ። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ቀለሙ ይደርቃል። በርሜሉ ሲነካ እጅ ያቃጥላል። ከውስጥ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ጸሎት፣ ቀጥሎ ጸሎት ያልሆነ ነገር ይሰማኝ ጀመር። ጠጋ ብዬ፣ አብሽር፣ አይዞህ፣ ሊያልቅ ነው አልኩት። ሦስተኛው ተናጋሪ ወረቀቱን ሲገልጥ ያየሁ እኔ ነኝ፤ እሱ አላየም።

በመጨረሻ ተጠራን። ጋሪዬን ከክብር እንግዶቹ ፊት አቆምኩ። የባንዱ ሙዚቃ ቆመ፣ የድምፅ ማጉያው፣ አሁን የሠርቶ አደሩ ሳተላይት ክንፉን ይዘረጋል አለ። ምንም የለም። ማጉያው በድጋሚ፣ ክንፉን ይዘረጋል አለ። ከበርሜሉ ውስጥ የመጎተት ድምፅ፣ የማቃሰት ድምፅ።

«ሴዲ» አለኝ ከውስጥ፣ «እንቢ አለ።»

«ሳብ» አልኩት ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

«ስቤ ስቤ ገመዱ ተበጠሰ፣ አቦ!»

ሳተላይቱ መናገሩን ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። ካድሬው፣ ክንፉ ከተዘረጋ በኋላ ይናገራል ነበር ያለን፤ የእኛው ግን ክንፉ ሳይዘረጋ ተናገረ። በቀረችው ገመድ ሲጎትት ግራው ክንፍ እንደ ተላጠ ቁስል እየተቀደደ ግማሽ ያህል ተከፈተና ቆመ። ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክዳኑ ወደ ላይ ተወረወረና የእህቴ ባል በላብ ርሶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ ወጣ። ለእንግዶቹ ሰላምታ ሰጠ። ዞረና ቀኙን ክንፍ በእግሩ ገፋው። ክንፉ ተዘረጋ፤ ግን ማጠፊያውን ይዞ ስለተዘረጋ ከበርሜሉ ተላቅቆ የባንዱ ትልቅ ከበሮ ላይ አረፈ። ያን የመሰለ የከበሮ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

 ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከእንግዶቹ መሃል አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ የወዳጅ አገር ኢንጂነር ነበር፤ እሱ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንግዳ ብቻውን ሲስቅ ማየት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ከተማው ሁሉ አጀበው።

ኢንጂነሩ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ጋሪዬ መጣ። ማጠፊያውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፣ ጣቱ ቀላ። አንድ ነገር ተናገረና በርሜሉን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሊቀመንበሩ ካድሬውን በሹክሹክታ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። የፈረሱን ልጓም ይዤ እዚያው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። የእኛም አንዱ ሳተላይት እዚያ ላይ ሆኖ አንደኛው ክንፉ አልዘረጋ ብሎን ነበር አለ፣ አለው ካድሬው። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ አየና፣ ይህ ነገር ከዚህ እንዳያልፍ አለው። እኔን ከፈረሱ ለይቶ አልቆጠረኝም። ማታ ለእህቴ ነገርኳት። እሷም ዘይቱ ውስጥ ያለውን ሳምቡሳ ገለበጠች።

በሚቀጥለው እሑድ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። እያንዳንዱ እየተነሳ ራሱን ይወቅሳል። ካድሬው ርዕዮተ ዓለሙን በጥልቀት አላስተማርኩም አለ። የአብዮት ጠባቂው ኃላፊ ንቃቴ ዝቅ ብሏል አለ። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር በሰልፉ ላይ ስቄያለሁ፣ ግን ሳልፈልግ ነው አለች። እኔ ተነስቼ ፈረሴን በሚገባ አላነቃሁም አልኩ፤ ተመዘገበልኝ። ቀለም የሚል ቃል ከአንድም ሰው አፍ አልወጣም። ያዘዘው ሊቀመንበሩ መሆኑን የማያውቅ ማን ነበር? እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሁሉ ጥፍሩ ሥር አሁንም ቀይ ነበር።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ድምፁን ወፈር አደረገ። ነገሩ ስንፍና ሳይሆን አሻጥር ሳይሆን አይቀርም አለ። አንድ የታወቀ ኮንትሮባንዲስት አብዮቱን በእንግዳ ፊት አዋርዷል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ እንዲወረሱ፣ ሱቁም ለቀበሌው ዕቃ ማስቀመጫ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል አለ። ማን እንዳቀረበው አልተናገረም። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ጭብጨባ የልማድ ነገር ነው።

የእህቴ ባል ምን ትላለህ ተባለ። ተነሳ። እውነቱን ቢናገር ሊቀመንበሩን መክሰስ ነው፤ ዝም ቢል አሻጥረኛ ነው። ቀያይ እጆቹን አንዴ ኪሱ አንዴ ከኋላው ያደርጋቸዋል። መልሶ ተቀመጠ።  ከኋላ በኩል እህቴ እጇን አነሳች። ሊቀመንበሩ ያላያት መሰለ። እሷም እጇን ሳታወርድ ተነስታ ቆመች፣ ወደ ካድሬው ዞረች።

«ጓድ፣ አንተ አስተማሪያችን ነህና አንድ ያልገባኝን ልጠይቅህ። ያ እንግዳ የነገረህ፣ እዚያ ላይ ክንፉ እንቢ ያላቸው፣ የሠሩት ሰዎች ሱቃቸው ታሸገ ወይ?»

 ካድሬው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ፤ ከፈረሱ የለየኝ ያኔ ነው።

«ጓዲት፣ ይህ ከአጀንዳው ውጪ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከአጀንዳው ውጪ ከሆነ ይቅር። አላውቅም ይበለኝና ልቀመጥ።»

አላውቅም ማለት ደግሞ ለካድሬው ከሞት ይከፋል። ታሸገ ቢል፣ ወዳጅ አገር ሊቃውንቷን ታሽጋለች ማለት ነው። አሻጥር ነበር ቢል፣ ወዳጅ አገር ውስጥ አሻጥረኛ አለ ማለት ነው። አልተበላሸም ቢል፣ እንግዳው ዋሸ ማለት ነው። ላቡን በካፖርቱ ጠረገ፤ ያ ካፖርት አገራችን ከገባ ጀምሮ ለሥራ ሲውል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«አልታሸገም» አለ።

«ምን ተደረጉ ታዲያ?»

«ሌላ... ሌላ እንዲሠሩ ነው የተደረገው።»

«አላህ ይስጥህ» አለችና ተቀመጠች።

ስለ ቀለም ምንም አላነሳችም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። ፀጉር ሲያስተካክል መቀሱ ትንሽ ጠልቆ ሲገባበት፣ ሳይደነግጥ ሌላውንም ጎን እኩል ቆርጦ ፋሽን ነው ይል ነበር፤ ያን ችሎታውን አልረሳውም ነበርና ቀና አለ። ጓዶች፣ ከወዳጅ አገር ተሞክሮ መማር አለብን አለ። በተሞክሮው መሠረት ሠሪው ለመጪው ዓመት ሌላ ሳተላይት እንዲሠራ፣ ለዚህም ሲባል ሱቁ እንዲከፈት ሐሳብ ቀርቧል አለ። ይህኛውንም ማን እንዳቀረበው አልተናገረም። ሱቁ እንዲወረስ ያጨበጨቡት ሰዎች አሁንም አጨበጨቡ፤ እንዲያውም የበለጠ።

ሌላው ሳተላይት እስከ ዛሬ አልተሠራም። በዓመቱ ሌላ ካድሬ መጣ፣ በሰማይ ፋንታ ስለ ችግኝ ያስተምረን ጀመር፤ ቀበሌያችን በሰልፉ ላይ ዛፍ ይዞ ወጣ። ግንዱ ተቀብቶ ነበር።

ሱቁ የተከፈተው ሰኞ ነው። አብዮት ጠባቂው ማኅተሙን ቀደደና በሩን በትከሻው ገፋው። ውስጡ አቧራና የእንሽላሊት ጎጆ ሆኖ ነበር፤ እዚያው ቀርቶ የነበረ ሌላ ትልቅ መቀስም ጠፍቷል። በታሸገ ቤት መቀስ እንዴት እንደሚጠፋ ማንም አልጠየቀም፤ የጠየቀ ሰው ራሱ ወስዶታል ይባላላ። የእህቴ ባል ቁምጣውን ለበሰ፣ ተቀመጠ፣ መዶሻውን አነሳ። ቀትር ሆነ። በቀትር ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራ ሰው የለም፤ ከተማው በሩን ዘግቶ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዟል ወይም ተኝቷል። እሱ ግን ይቀጠቅጣል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ያን ቀን ሰፈሩ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ቻለው። እኔም ፈረሴን ጥላ ሥር አስሬ ስሰማው ዋልኩ።

በማግስቱ ግን አንድ ጎረቤታችን፣ ሽርጡን እያጠበቀ፣ ዓይኑ ቀልቶ እህቴ በር ላይ መጣ።

«አንቺ፣ ባልሽን በአላህ አንድ በይልን፣ አቦ። እንቅልፍ ነሳን እኮ!»

«እኔን ዝምታው ነበር የነሳኝ» አለችው።

ሰውየው ፍራሹን ተሸክሞ ወንድሙ ቤት ሄደ።